የተመላሾች ገንፎ

የእትየ ደብሬን ሞት የነገረኝ ጨው ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ነው። ኢድሪስ ይባላል፤ ከመተማ ገበያ ጨውና አቡጀዲ እያመጣ በየመንደሩ የሚዞር፣ ወሬውንም ከሸቀጡ ጋር አብሮ የሚያራግፍ ደግ ሰው ነበር። ጨዉን እየሰፈረልኝ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ሦስት ቀን እንዳቆየው፣ አንዲት አህያውም የዋልካ ጭቃ ውስጥ ሰምጣ በገመድ ጎትተው እንዳወጧት ሲያወራኝ ቆየና፣ እግረ መንገዱን «እኒያ መንጋጋ የሌላቸው ሴትዮም አረፉ፤ አላህ ይማራቸው» አለኝ። ጨዉን የምቀበልበት ቁና ከእጄ አልወደቀም። እንዲያውም ጎድሏል፣ ጨምርበት ብዬ ተከራከርኩት። አህያውን ነድቶ ከሄደ በኋላ ነው ደጃፉ ላይ የተቀመጥኩት።

ክረምት ነበር፤ ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣልተው የመተማ ኬላ የተዘጋበት ዓመት። እኛ የምንኖረው ኮኪት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ፣ የወለድኩትንም ጭምር፤ ሁሉንም አልቅሼ ወጥቶልኛል። እትየ ደብሬ ግን አልወጡልኝም። ሰው ሲበላ ባየሁ ቁጥር ይመጣሉ፤ ሰው ደግሞ በየቀኑ ይበላል።

ቤታቸው ሽንፋ ወንዝ ዳር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ናቸው። አባታቸው ማሽላ ሊያርሱ ከወገራ ወርደው በዚያው የቀሩ ደገኛ ነበሩ፤ እሳቸው ግን እዚያው ቆላ ተወልደው አደጉ። የፊታቸው ግራ ጎን ከጆሯቸው ሥር ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ነቀርሳ ወጥቶባቸው፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ሱዳን ድረስ ሄደው መንጋጋቸውን ከነአጥንቱ አስቆርጠዋል። ንግግራቸው ግማሹ በጉንጫቸው በኩል ስለሚያመልጥ ላልለመደ ሰው ቶሎ አይገባም። ሲበሉ ምራቃቸው ይንጠባጠባል፤ በግራ እጃቸው በጨርቅ እየጠረጉ በቀኛቸው ይጎርሳሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይኖር ነበር። እሳቸው ገበያ መሐል ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ገልጠው ይበላሉ። ያፈጠጠባቸውን ሰው «ቀረብ በል፤ ከሩቅ ደኅና አይታይም» ይሉታል። ሰውየው አፍሮ ሲሄድ ይስቃሉ። ሳቃቸው አያምርም ነበር፤ እኔ ግን የምወደው ሌላ ሳቅ የለኝም።

እሳቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ለመናገር መጀመሪያ የአገራችንን ነገር መናገር አለብኝ። ከእኛ ቆላ ነቀርሳ የወጣበት ሰው አቅም ካለው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ካለው ሐኪም ቤት ይሄድና ይቆረጣል። የሄደበት ቀን ይቆጠራል። ወሬው ከጠፋ፣ ወይም አንድ መንገደኛ «ሞተ ሲሉ ሰማሁ» ካለ፣ መርዶ ይነገራል፤ ይለቀሳል፣ ፍታት ይደረጋል፣ በአርባው ተስካር ይበላል። ብዙ ጊዜ ወሬው እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ሟቹ በእግሩ ይመጣል። ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም። ተስካር የሚበላበት እንጂ የሚመለስበት ሥርዓት አልተሠራም፤ ቄሱንም ብትጠይቋቸው ጺማቸውን ይዘው ሌላ ወሬ ያነሳሉ። ተስካሯን ከበሉላት ሴት ጋር እንዴት አንድ ገበታ ይቀረባል? በዚያ ላይ ነቀርሳ በምራቅ ይተላለፋል የሚል ፍርሃት አለ። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ «ተመላሽ» እንለዋለን።

እኔም ተመላሽ ነኝ። የራሴን ነገር በአጭሩ ልበልና ልለፈው፤ ዛሬ የማወራው ስለ እሳቸው ነውና። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ቀኝ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣ። ባለቤቴ አያሌው ከግመል ነጋዴዎች ጋር ሱዳን ሰደደኝ፤ ጡቴን ቆረጡልኝ፤ ቁስሉ መግል ይዞ አልደርቅ ብሎ አራት ወር ተኛሁ። እኔ እዚያ ስተኛ እዚህ ሞቻለሁ። ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ስመለስ አማቴ ደጅ ላይ አየችኝና አማትባ ወደ ቤት ገባች። አያሌው አቅፎኝ አለቀሰ፤ ለሐዘን የተላጨው ፀጉሩ ገና እያደገ ነበር። ማታ ግን እራቴን ለብቻዬ አቀረበልኝ። ሰው እንዳይሳሳት ውሃ የምጠጣበት ቅል ላይ ቀይ ክር አሰረበት። ሁለቱ ልጆቼ ከአያታቸው ጋር እንዲተኙ ተደረገ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ክፉ ቃል ቢናገሩኝ መልስ አላጣም ነበር፤ ለክር ግን ምን መልስ ይሰጣል።

ሁለት ወር ከቤት ሳልወጣ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትየ ደብሬ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ተመላሽ አለ ሲባል ከሰሙ ግን የአንድ ቀን መንገድ አይገዳቸውም። ግቡ ሳይባሉ ገብተው ተቀመጡና ውሃ ለመኑ። አማቴ ደኅናውን ዋንጫ ይዛ ስትነሳ በዱላቸው ክር ያለበትን ቅል አመለከቱ።

«በዚያ ስጭኝ» አሉ።

አማቴ የማን እንደሆነ ልትነግራቸው ሞከረች። እሳቸው አልሰሙም መሰሉ። ቅሉን ተቀብለው እየተንጠባጠበባቸው እስከ ሥሩ ጠጡት፤ ከዚያ ክሩን በጥፍራቸው ፈቱና ዱላቸው ላይ አሰሩት። ዱላው ላይ ሌሎች ክሮችም ነበሩ፤ ቀይም፣ ጥቁርም፣ የቡትቶ ቁራጭም። በየቤቱ ከየቅሉ የፈቷቸው መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ክንድሽን አንሽ አሉኝ። ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለ። ጥፋተኛ እንዳገኘ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐኪሙ ቆርጦ ሄደ። የቀረውን ሥራ ለእኛ ነው የተወው። አንች ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈተሽ ተቀምጠሻል። ተነሽ፣ ሽንፋ እንሂድ።»

አያሌው አልከለከለም። የቀለለው ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ተቀይሜው ነበር፣ አሁን አልፈርድበትም።

ሽንፋ አምስት ወር ተቀመጥኩ። ግቢያቸው ውስጥ ሁልጊዜም ሁለት ሦስት ተመላሽ አይጠፋም። የሚያክሙበት መድኃኒት፣ የሚያነቡት ክታብ የለም። ሥራ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ እሱንም እንደየጉድለቱ መርጠው። ለእኔ የሰጡኝ ደጃቸው ላይ ያለውን የቁርቁራ ዛፍ ነው። ፍሬውን በቀኝ እጅሽ ብቻ ልቀሚ አሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የታችኛውን ቅርንጫፍ ጨረስኩ። የሚቀጥለው ከፍ ያለ ነበር፤ ብብቴ የሚቀደድ እየመሰለኝ እያለቀስኩ ለቀምኩ። እሳቸው ጥላው ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ እያበጠሩ፣ ከላይ ያለው ነው የሚጣፍጠው ይሉኛል። ከቁርቁራው በኋላ ትንሽ እንስራ፣ ቀጥሎ ትልቁን፣ ከዚያ ሙቀጫ። አንድ ቀን ደግሞ ከአቡጀዲ የሰፉትን ትንሽ ከረጢት ሰጡኝ፤ ውስጡ ሰሊጥ ሞልተውበታል። በጎደለው በኩል በቀሚሴ ውስጥ እንዳስረው ነው። ጥጥ ሞክረው ነበር፤ ቀሎ ወደ ላይ ይሸሻል። ሰሊጥ ግን ክብደት አለው፣ የሰውነትም ሙቀት ይይዛል። ለብሼ ብድግ ስል ከወዲያም ከወዲህም አዩኝና፣ ከሐኪሙ ይልቅ እኔ እበልጣለሁ ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከተቆረጥኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከእኔ ጋር መሪጌታ ላቀው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጉሮሯቸው ላይ ተቆርጠው ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልረግጥም ብለዋል። ድምፅ የሌለው መሪጌታ ምን ያደርጋል ብለው በሹክሹክታ ይነግሩናል። እትየ ደብሬ አልተከራከሯቸውም። ሰሊጥ የሚወቃ ሰው ምት ካልሰማ ይሰንፋል ብለው ከበሮ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉላቸው። መሪጌታው ሰሊጥ ለሚወቁ ቀን ሠራተኞች ከበሮ መምታት ውርደት መስሏቸው ሁለት ቀን ተቆጥተው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ግን እጃቸው ሳያስፈቅዳቸው የማኅሌቱን አመታት ጀመረ፤ እኛም ሥራ ትተን ቆምን። ኋላ በጥምቀት ታቦት ፊት ከበሮ ሲመቱ አይቻቸዋለሁ። እትየ ደብሬ ስለዚህ ሲመሰገኑ አይወዱም ነበር። ከሞት የተረፈ ሰው ሰነፍ ይሆናል፤ መትረፉን ብቻ እንደ ሥራ ስለሚቆጥረው መቀስቀስ ያስፈልገዋል ይሉ ነበር። ደግ ሴት ናቸው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ምላሳቸው እንደ ቁርቁራው እሾህ ነበር።

የሁሉም መጨረሻ ግን ገንፎው ነው። ይህን ሥርዓት ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት አልነበረም፣ ከእሳቸውም በኋላ ሲደረግ አላየሁም። ተመላሹ ሥራውን ከቻለ በኋላ ወደ መንደሩ ይዘውት ይሄዱና ተስካሩን የበላውን ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠራሉ። «ለሞቷ በልታችኋል፤ አሁን ለመምጣቷ ትበላላችሁ» ይላሉ። እያንዳንዱ ቤት አንድ እፍኝ የማሽላ ዱቄት ያመጣል። ንፍሮ አይቀቀልም፣ ንፍሮ የለቅሶ ነው። የሚቀርበው ገንፎ ነው፣ ለአራስ የሚገነፋው ዓይነት፤ ጾመኛውም እንዲበላ በቅቤ ፈንታ የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል። ሁለት ደንብ አለው። አንደኛው፣ ገንፎውን የሚያገነፋው ተስካሩን ያወጣው ሰው ራሱ ነው። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ ተመላሹ ይበላና ገበታው ይዞራል፤ የበላበት ቦታ እንግዶቹ ፊት ይሆናል። ከዚያ ነው የሚጎርሱት።

የእኔን ተስካር ያወጣው አያሌው ስለሆነ ማማሰያውን የያዘው እሱ ነው። ወንድ ልጅ ያውም በመንደር ፊት ገንፎ ሲያገነፋ አስቡት። ዱቄቱን ባንዴ ዘርግፎ ጓጎለበት፤ ላቡ ድስቱ ውስጥ ሊንጠባጠብ ደረሰ፤ ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እንባው ይወርዳል። ሴቶቹ መጀመሪያ አንገታቸውን ደፉ፣ ከዚያ አንዷ መሳቅ ስትጀምር ሁሉም ተንከተከቱ። እትየ ደብሬ ይህን አስበውበት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ከሳቁ ሁሉ በኋላ የተጓጎለው ገንፎ ቀረበ፤ እኔ በላሁ፤ ገበታው ዞረ። አያሌው በዓይኑ እንባ እንዳለ እጁን ሰደደና የጣቴ ምልክት ካለበት ላይ ቆርሶ ጎረሰ። ቀጥሎ ለንግድ መጥቶ የነበረው ኢድሪስ በላ። አማቴ የመጨረሻዋ ናት፤ እሷም በላች። ሴቶቹ ለአራስ እንደሚሉት እልል አሉልኝ። በዚያን ቀን ልጆቼ ወደ አልጋዬ ተመለሱ። ይኸ ሁሉ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

በማግስቱ እትየ ደብሬን እየሸኘሁ የእርስዎን ገንፎ ማን አገነፋልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ አልበላሁም። ልጄ አላገነፋልኝም።»

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ግዛቸው ይባላል። እሱም ኮኪት ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ ይኖር ነበር፤ የእሳቸው ልጅ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እናትየዋ ሱዳን ሳሉ መርዶ ደርሶት ተስካራቸውን አውጥቷል። ሲመለሱ በአጥር በኩል አይቷቸው ሮጠ። ከዚያ ወዲህ አላናገራቸውም። በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ ሽንፋ ድረስ ይመጣና አንድ ስልቻ ማሽላ አጥሩ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል። እሳቸው በግድግዳው ቀዳዳ ሆነው ሲያስቀምጥ ያዩታል፤ አይጠሩትም። ሥርዓቱን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ አስገድጄ አላስበላውም አሉኝ። ግን በየዓመቱ ከዚያ ማሽላ አንድ ቁና ለብቻ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ የሚያገነፋበት ነው። የዚህን ሁሉ ሰው ክር ከቅል ላይ የፈቱት ሴት ከዚህ በቀር የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በግንቦት መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ከሽንፋ መልእክት አመጣችልኝ፤ እትየ ደብሬ አንገታቸው ሥር እንደገና አብጧል፣ ግዛቸውን ይዘሽ ነይ ብለውሻል አለችኝ። ወዲያው የመተማ ኬላ ተዘጋ። መሻገር ቀረ፤ ቢሻገሩም የሚቆርጥላቸው ስለመኖሩ እንጃ። ሳልውል ሳላድር ግዛቸው ዘንድ ሄድኩ። እርሻው ላይ አገኘሁት፤ ዝናቡ ከመጥናቱ በፊት እየዘራ ነበር። እናትህ ሊሞቱ ነው፣ ገንፏቸውን አገንፋላቸው አልኩት። ዘሩን የያዘበትን ቁና አላስቀመጠም።

«እኔ እናቴን ሬሳዋ ባይኖርም ቀብሬያታለሁ፤ አንድ ዓመት አልቅሻለሁ» አለኝ። «አሁን ሄጄ በልቼ እናቴ ናት ብል፣ በሳምንቱ ደግሞ ትሞትብኛለች። አንዲት እናት ሁለት ጊዜ መቅበር አልችልም፣ እታለሜ። አልችልም።»

ሰደብኩት። ድንጋይ ነህ አልኩት፤ ከዚህም የከፋ ተናገርኩ። እሱ ራሱን ደፍቶ መዝራቱን ቀጠለ። እኔ የዚያን ቀን በዓለም ላይ ካለው ሰው ሁሉ የምሻል ይመስለኝ ነበር።

ብቻዬን ወደ ሽንፋ ሄድኩ። የጦር አውሮፕላን ይዞር ስለነበር የመንደሩ ሰው ወደ ጫካው ሸሽቶ ግቢው ባዶ ነበር። እትየ ደብሬ መደቡ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። እብጠቱ ፈንድቷል። ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው። ስገባ በስተኋላዬ አዩ፤ ማንም የለም። ግዛቸው ያለኝን ነገርኳቸው፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እሳቸውም አልተቆጡም። ልጁ አልዋሸም፣ ሲያለቅስ እንደከረመ ነግረውኛል አሉ። ከዚያ ልጃቸው አጥሩ ሥር ከተወው ማሽላ የተፈጨውን ዱቄት አመለከቱኝ።

«ድስቱን ጣጅ» አሉኝ። «ገንፎዬን ሳልበላ አልሄድም። አንች አገንፊልኝ።»

ደስ አለኝ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ውለታዬን የምመልስበት ቀን መጣ ብዬ እሳት አነደድኩ፣ ውሃ አፈላሁ፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ ሳይጓጉል አገነፋሁት። በገበታ ላይ አዘጋጀሁና መሐሉን ጎድጉጄ የሰሊጥ ዘይት አፈሰስኩበት። እትየ ደብሬ ጸሎት አደረሱ። ከፊታቸው ቆርሰው ጎረሱ፤ መዋጥ ስለሚያማቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንደገና ጎረሱ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ገበታውን ወደኔ አዞሩት።

የጣታቸው ምልክት ፊት ለፊቴ መጣ። ዘይቱ ላይ ከአፋቸው የወረደ ምራቅ ነበረበት፣ ትንሽም ደም። እጄን ሰደድኩ፤ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ማንም አልከለከለኝም። ይህ የእኔ እጅ ነው፣ ቁርቁራ ያስለቀሙት፣ እንስራ ያሸከሙት፤ ባለቤቴና አማቴ የቻሉትን ነገር አልችል አለ። ሆዴን ቆርጦኛል አልኳቸው።

አላዩኝም እንዳልል አዩኝ። ገበታውን ይዘው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደራሳቸው መለሱት።

«መንገዱ አድክሞሽ ነው» አሉኝ። «ውሃ ጠጭና ጋደም በይ።»

እኔ አፍሬ እንዳልሞት ሰበብ ሰጡኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ጋደም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ከበስተኋላዬ ገንፏቸውን ለብቻቸው ሲበሉ፣ በየጉርሻው ሲያቃስቱ ሰማኋቸው። ጥቂት ቀን አስታመምኳቸው፤ አጠብኳቸው፣ ውሃ አጠጣኋቸው፤ ከሳቸው ጋር ግን አልበላሁም፣ እሳቸውም ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ወንዙ ሳይሞላ ሂጅ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል ብለው ራሳቸው ሰደዱኝ። ቤቴ ስደርስ አያሌው ገበታ አቀረበና ከልጆቼ ጋር በላሁ። ርቦኝ ስለነበር ብዙ በላሁ።

ኢድሪስ መርዶውን በነገረኝ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግዛቸው መጣ። እሱም ሰምቷል። ካፊያው እየመታው ደጅ ቆሞ አልገባም አለ። ያን የዘራውን እርሻ ትቶ እንደመጣ እግሩ በጭቃ ተለውሷል። ልሰድበው የነበረው ስድብ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«እናቴ ገንፎዋን ብቻዋን ነው የበላችው?» አለኝ።

እውነቱን ብነግረው እኩል እንሆን ነበር። አልቻልኩም። እሱ እንኳ አልችልም ለማለት ልብ ነበረው።

«አብረን በላን» አልኩት። «ገበታውን አዞሩልኝ፣ ከፊታቸው በላሁ።»

ጭቃው ላይ ተንበረከከና ቀኝ እጄን ይዞ ሳመው፤ ደጋግሞ ሳመው።

«ተመስገን» አለ። «እኔ ብሆን አልችልም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ፋሲካና እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር እየመጣ ያንን እጄን ይስም ነበር። ልጆች ከወለደም በኋላ፣ ከአያታችሁ ጋር የበሉት እሳቸው ናቸው፣ ሂዱ ሳሟቸው እያለ ይልካቸው ነበር። ግዛቸው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። ልጆቹ አሁንም ይመጣሉ። እጄን እሰጣቸዋለሁ።